የጸና ስም፣ የተሻሻለ ልክ፦ የቪንሰን ተራራ የካርታና የስያሜ ታሪክ

አንድ ተራራ በካርታ ላይ ሲታይ ሦስት ነገሮች በአንድነት ተጽፈው ይገኛሉ፤ ይኸውም ቦታው፣ ስሙና ከፍታው ናቸው። ሦስቱም በአንድ ቀለምና በተመሳሳይ ፊደል ስለሚታተሙ፣ ተመልካቹ እኩል የተረጋገጡ አድርጎ ይቀበላቸዋል። በካርታ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ግን ሦስቱ በየራሳቸው መንገድ የመጡ፣ በየራሳቸው ማስረጃ የቆሙና በየራሳቸው ጊዜ የሚለወጡ መሆናቸውን ያውቃል። ቦታው ከፀሐይ፣ ከከዋክብት ወይም ከሳተላይት በተወሰደ ልክ ይወሰናል። ከፍታው ከማዕዘንና ከርቀት በሚሠራ ስሌት ይገኛል። ስሙ ግን በመሣሪያ የሚለካ አይደለም፤ ምንጩ የሰው ፈቃድ ነው።

ይህን ልዩነት በግልጽ ለማሳየት በደቡብ ዋልታ አህጉር ከሚገኘው ከቪንሰን ተራራ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በሌላ አገር የተራራ ስም የሚጠየቀው ከአገሬው ሽማግሌ፣ ከእረኛው ወይም ከተራራው ሥር ካለው የመንደር ሕዝብ ነው። ቀያሹ የሰማውን ይጽፋል፤ ቢሳሳት የሚያርመው አለ። በአንታርክቲካ ግን የአገሬው ሰው የለም። ስሙን የሚያወጣው፣ የሚመዘግበውና የሚያጸድቀው ሩቅ አገር ያለ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ በሌላ ቦታ በዘመን ብዛት የተሸፈነው የስያሜ ሥራ በዚያ ከነሰነዱ ተገልጦ ይታያል።

ቪንሰን የአንታርክቲካ ከፍተኛው ተራራ ነው። የሚገኘው በ78 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ደቡብ ኬክሮስና በ85 ዲግሪ ከ37 ደቂቃ ምዕራብ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን፣ ከደቡብ ዋልታ ያለው ርቀት 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ የሚታወቀው ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 4,892 ሜትር ነው። ወደዚህ ቁጥር የተደረሰበት መንገድና ስሙ የተገኘበት መንገድ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአውሮፕላን የታየው ሰንሰለት

ኖቬምበር 23 ቀን 1935 አሜሪካዊው አሳሽ ሊንከን ኤልስዎርዝና አብራሪው ኸርበርት ሆሊክ ኬንየን፣ በአንታርክቲክ ባሕረ ገብ ምድር ጫፍ አጠገብ ካለችው ከዳንዲ ደሴት ተነሥተው አህጉሩን በአየር ለማቋረጥ ጉዞ ጀመሩ። አውሮፕላናቸው «ፖላር ስታር» ማለትም «የዋልታ ኮከብ» ትባል ነበር። መድረሻቸው በሮስ ባሕር በኩል የሚገኘው ሊትል አሜሪካ የተባለው የአሳሾች ሠፈር ነበር። ኤልስዎርዝ ከዚህ ቀደም በነበሩት ሁለት ወቅቶች ሙከራ አድርጎ አልተሳካለትም። በዚህኛውም ጉዞ ራዲዮው በመንገድ ላይ ተበላሽቶ ከውጭው ዓለም ጋር የነበራቸው ግንኙነት ተቋረጠ። በአየር ጠባይ ምክንያት አራት ጊዜ በበረዶው ላይ አረፉ፤ በመጨረሻም ከሠፈሩ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ነዳጃቸው አለቀና ቀሪውን መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ዲሴምበር 15 ቀን ደረሱ። የብሪታንያዋ መርከብ «ዲስከቨሪ 2» ያገኘቻቸው በጃንዋሪ 1936 ነው።

በዚህ በረራ ኤልስዎርዝ ከነጩ የበረዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ብቅ ብሎ የሚታይ የተራራ ሰንሰለት አየ፤ ፎቶግራፍም አነሣው። ስሙንም «ሴንቲነል» አለው፤ ትርጉሙ «ዘብ» ማለት ነው። ስሙ መልክን የሚገልጽ ነው፤ ያየውን ሰው ስሜት እንጂ የማንንም ሰው ክብር አይናገርም። ይሁን እንጂ ኤልስዎርዝ በዚሁ ጉዞ ሌሎች ስሞችንም ሰጥቷል። ከሰንሰለቱ አንዱን ተራራ በሚስቱ በሜሪ ልዊዝ አልመር ስም ጠራው። በ80 እና በ120 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ መካከል ያለውንም ምድር በአባቱ ስም ሰይሞ ለአሜሪካ መንግሥት ይገባል ሲል አወጀ። እንግዲህ በአንድ በረራ ውስጥ ሦስት ዐይነት ስያሜ ተፈጽሟል ማለት ነው፤ አንዱ መልክን መግለጫ፣ ሁለተኛው የቤተሰብ መታሰቢያ፣ ሦስተኛው የባለቤትነት ጥያቄ ነው።

በረራው ያስገኘው የካርታ መረጃ ከስሞቹ ያነሰ ጥንካሬ ነበረው። ቦታው የተወሰነው በሰክስታንት በተወሰደ የፀሐይ ከፍታና በፍጥነትና በአቅጣጫ ግምት ነው። ጆርግ የተባለው የመልክዓ ምድር ምሁር የበረራውን ማስታወሻና ፎቶግራፎቹን አመሳክሮ ውጤቱን በ1936 አሳትሟል። ከአንድ መስመር በረራ የሚገኘው እውቀት ግን የአንድ ወገን እውቀት ነው። ኤልስዎርዝ ያየው የሰንሰለቱን ሰሜናዊ ክፍል ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ ስለነበረ ከካርታው ውጭ ቀረ። አህጉሩን ያቋረጠው ሰው የአህጉሩን ታላቅ ተራራ በጎኑ አልፎት ሄደ።

በምድር የሄዱትና በአየር የበረሩት

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል በዚያ ምድር ላይ አዲስ ነገር ሳይታከል ቆየ። ሁኔታው የተለወጠው ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 በተካሄደው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። አሜሪካኖች በ1957 መጀመሪያ ላይ በ80 ዲግሪ ደቡብና በ120 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ የበርድ ጣቢያን አቋቋሙ። ከዚህ ጣቢያ ተነሥቶ በ1957–58 የበጋ ወራት ወደ ሴንቲነል ተራሮች የተጓዘው በጂኦፊዚክስ ምሁሩ በቻርልስ ቤንትሊ የሚመራው ቡድን ነበር።

የዚህ ቡድን ዋና ዓላማ ተራራ መፈለግ አልነበረም። በበረዶ ላይ በሚሄዱ ተሽከርካሪዎች እየተጓዙ በየጣቢያው ፈንጂ በማፈንዳትና የድምፁን ሞገድ መልስ በመቅዳት የበረዶውን ውፍረት ይለኩ ነበር። ከእነዚህ ጉዞዎች የተገኘው ውጤት ታላቅ ነው፤ በምዕራብ አንታርክቲካ በረዶው የተኛበት አለት በሰፊ ቦታ ከባሕር ጠለል በታች መሆኑ ታወቀ። ዛሬ በቤንትሊ ስም የሚጠራው በበረዶ የተሸፈነ ሸለቆ ከባሕር ጠለል በታች ከ2,500 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ተራሮቹም በዚሁ ጉዞ በቅርብ ታይተው ተቀየሱ። ከቡድኑ አባላት የአንዳንዶቹ ስም በሰንሰለቱ ላይ ቀርቷል፤ ቤንትሊ ተራራና ኦስተንሶ ተራራ ለዚህ ምስክር ናቸው። እነዚህ ሰዎች በስማቸው ወደተጠራው ምድር በእግርና በተሽከርካሪ የደረሱ ናቸው።

ታላቁ ተራራ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የታየው በጃንዋሪ 1958 ከበርድ ጣቢያ በተነሡ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ነው። ከዚያም በተከታታይ ዓመታት ባሕር ኃይሉ አካባቢውን በሙሉ ከአየር ፎቶግራፍ አነሣ፤ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ቅየሳ መሥሪያ ቤትም ከፎቶግራፎቹና ከምድር ቅየሳው ካርታ አወጣ።

ካርታው ሲጠናቀቅ የቀድሞው ስም የማይበቃ ሆኖ ተገኘ። ኤልስዎርዝ አንድ ሰንሰለት ብሎ የሰየመው ምድር በሚኔሶታ የበረዶ ግግር የተከፈሉ ሁለት ሰንሰለቶች ነበሩት። ስለዚህ «ሴንቲነል» የሚለው ስም ለሰሜኑ ክፍል ብቻ እንዲሆን ተወስኖ፣ ለደቡቡ «ቅርስ» የሚል ትርጉም ያለው «ሄሪቴጅ» የተባለ ስም ወጣለት፤ ሁለቱን በአንድነት ለመጥራት ደግሞ «የኤልስዎርዝ ተራሮች» የሚል አዲስ ስም ተመረጠ። ይህ መልካም የአሠራር ምሳሌ ነው። የፊተኛው ሰው ስም ሳይሰረዝ ወሰኑ ተስተካከለ፤ የፊተኛው ሰው ድርሻም በራሱ ስም ተመዘገበ።

ስሙ ከየት መጣ?

በአሜሪካ የቦታ ስሞችን የሚወስን ቦርድ የተቋቋመው በ1890 ነው። የአንታርክቲካን ስሞች የሚመረምር ልዩ ኮሚቴ ግን የተሠየመው በ1943 ሲሆን፣ ከ1947 ጀምሮ የአንታርክቲካ ስሞች አማካሪ ኮሚቴ ተባለ። ኮሚቴው ሲቋቋም የጠበቀው ሥራ ቀላል አልነበረም። አሳሾች ለገንዘብ ሰጪዎቻቸው፣ ለወዳጆቻቸውና ለዘመዶቻቸው፣ አልፎ ተርፎም ለውሾቻቸው ስም ሲያከፋፍሉ ቆይተዋል። አንዱ ቦታ ሁለትና ሦስት ስም ነበረው፤ ስም ብቻ እንጂ ቦታ የሌላቸውም ነበሩ። ኮሚቴው ያወጣው መመሪያ የመልክዓ ምድሩን ትልቅነት ከተሰያሚው ሰው አስተዋፅኦ ጋር ማመዛዘንን ያዝዛል። በዝምድናና በወዳጅነት ብቻ የሚሰጥን ስም፣ የንግድ ዕቃን ስምና የእንስሳን ስም ይከለክላል። በዚህ ሚዛን ቢታይ የኤልስዎርዝ ባለቤት ስም ባልጸደቀ ነበር፤ ቀድሞ በካርታና በመጽሐፍ ስለገባ ግን «አልመር ተራራ» ተብሎ ጸንቶ ቀርቷል።

ይኸው ኮሚቴ ለአህጉሩ ታላቅ ተራራ የመረጠው ስም የካርል ቪንሰንን ነው። ቪንሰን በ1883 በጆርጂያ ግዛት ተወልዶ፣ ከ1914 እስከ 1965 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኖ የሠራ ሰው ነው። በመጀመሪያ የባሕር ኃይል ጉዳዮች ኮሚቴን፣ በኋላም የጦር ኃይሎች ኮሚቴን በሊቀ መንበርነት መርቷል። በ1940 የወጣው የባሕር ኃይሉን እጅግ ያስፋፋው ሕግ የእርሱን ስም ይዟል። ለስያሜው የተሰጠው ምክንያት ከ1935 እስከ 1961 መንግሥት ለአንታርክቲካ አሰሳ ድጋፍ እንዲሰጥ ያደረገው ጥረት ነው። ወደ አንታርክቲካ የሄዱት መርከቦችና አውሮፕላኖች የባሕር ኃይሉ ንብረት፣ በጀታቸውም የምክር ቤቱ ውሳኔ ስለነበረ ምክንያቱ እውነተኛ ነው። ክብሩ የተገኘው ግን በበረዶ ላይ ሳይሆን በሊቀ መንበርነት ወንበር ላይ ነው።

አንድ ሰው በተራራ ሲሰየም የሚከብረው አንድ ሥራው ቢሆንም፣ ስሙ ግን ከነሙሉ ታሪኩ ወደ ካርታው ይገባል። ቪንሰን በ1956 ጥቁሮችና ነጮች በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ የወሰነውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ በመቃወም ወደ 100 የሚጠጉ የደቡብ ግዛቶች እንደራሴዎች ካወጡት መግለጫ ፈራሚዎች አንዱ ነበር። ይህን ማንሣት ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም፤ የስያሜ ሥራ የሚያስከትለውን ኃላፊነት ለማሳየት ነው። የተራራው ስም ሲጸድቅ ቪንሰን በሕይወትና በሥልጣን ላይ ነበር፤ ያረፈውም በ1981 ነው። ኮሚቴው የመዘነው ለአሰሳው ያደረገውን ድጋፍ ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ባለሥልጣንን በቋሚ ነገር ላይ መሰየም ታሪክ ፍርዱን ሳይሰጥ መቅደም ነው። በሰው በሚኖርበት አገር እንዲህ ዐይነቱን ስም ሕዝቡ ሳይቀበለው ሊቀርና በቀድሞው ስም መጥራቱን ሊቀጥል ይችላል። በአንታርክቲካ ግን ቀድሞ የነበረ ስምም፣ እምቢ የሚል ሕዝብም የለም፤ የኮሚቴው ቃል የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቃል ሆነ።

የመሬቱ ባለቤትነት ጥያቄም በዚያው ዘመን መልክ እየያዘ ነበር። ቺሊ በ1940 ባወጣችው ድንጋጌ ከ53 እስከ 90 ዲግሪ ምዕራብ ያለውን ምድር የራሷ አድርጋ ስታውጅ የቪንሰን ተራራ በዚህ ውስጥ ወድቋል። አሜሪካ በበኩሏ የማንንም የይገባኛል ጥያቄ አትቀበልም፤ የራሷን መብት ግን ጠብቃ ይዛለች። ዲሴምበር 1 ቀን 1959 በ12 አገሮች ተፈርሞ በ1961 በሥራ ላይ የዋለው የአንታርክቲካ ውል በአራተኛው አንቀጹ የባለቤትነት ጥያቄዎችን ሁሉ ባሉበት አቆመ፤ አዲስ ጥያቄ ማቅረብንም ከለከለ። ባንዲራ መትከል ዋጋ ሲያጣ፣ የቦታ ስም መስጠት በሰላምና በሳይንስ ስም የሚፈጸም የመገኘት ምልክት ሆኖ ቀረ።

የመጀመሪያው ቁጥር

በመጀመሪያዎቹ ካርታዎች ላይ ለቪንሰን የተሰጠው ከፍታ 16,864 ጫማ ወይም 5,140 ሜትር ነበር። በዛሬው ልክ ሲመዘን 248 ሜትር ይበልጣል፤ ይህም ከአምስት በመቶ በላይ ነው። ለሙያው ባዕድ የሆነ ሰው ይህን እንደ ግድየለሽነት ሊቆጥረው ይችል ይሆናል። የዚያን ጊዜ ቀያሽ የቆመበትን ሁኔታ ያጤነ ግን ከዚህ የባሰ ስሕተት አለመፈጠሩን ያደንቃል።

በማዕዘን የሚሰላ ከፍታ በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል። የመጀመሪያው ቀያሹ የቆመበት ቦታ ከፍታ ነው። ባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በሚርቅበት በዚያ ምድር የቆሙበት በረዶ ከፍታ የሚታወቀው በአየር ግፊት መለኪያ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በመሸጋገር ነበር። የአየር ግፊት ደግሞ ከፍታ ሳይለወጥ በአየር ጠባይ ብቻ ይለወጣል፤ በመነሻው ላይ የተፈጠረ ስሕተት ሳይቀነስ በሙሉ ወደ ተራራው ጫፍ ይተላለፋል። ሁለተኛው ርቀቱ ነው። ሦስተኛው ወደ ጫፉ የሚታየው ማዕዘን ሲሆን፣ በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ደቂቃ ማዕዘን ብቻ ቢሳት በከፍታው ላይ 14 ሜትር ከግማሽ ያህል ልዩነት ያመጣል።

ከእነዚህ በላይ የምድር ክብነትና የብርሃን መታጠፍ አሉ። በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት የምድር ክብነት 196 ሜትር ያህል ይሰውራል፤ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ መታጠፉ በተለመደው ሁኔታ ከዚህ 25 ሜትር ያህሉን ይመልሳል። ይህ የተለመደው ሁኔታ ግን በመካከለኛ አገሮች አየር የተገኘ ነው። በዋልታ ምድር በበረዶው ገጽ ላይ ያለው አየር ከበላዩ ካለው አየር ይበልጥ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ የብርሃን መንገድ ከወትሮው በላይ ይታጠፋል፤ ሩቅ ነገርም ከፍ ብሎ ይታያል። በቀዝቃዛው ንጹሕ አየር ተራራው ቅርብ መስሎ ይታያል፤ ዐይን የሚተማመንበት ነገር መሣሪያውንም ያታልላል።

በዚያን ጊዜ የሁለተኛው ተራራ የታይሪ ከፍታ 16,290 ጫማ ማለትም 4,965 ሜትር ይባል ነበር። ዛሬ 4,852 ሜትር ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ከእውነቱ በላይ ነበሩ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን አልተለወጠም። ሆኖም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ175 ሜትር ወደ 40 ሜትር ወርዷል። የ248 ሜትር ስሕተት በሚቻልበት የቅየሳ ዘመን 40 ሜትር ልዩነት ማንን ታላቅ፣ ማንን ታናሽ እንደሚያሰኝ እርግጠኛ መሆን አይቻልም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀያሾች ደረጃውን በትክክል ያስቀመጡት ከቁጥሮቹ ጥንካሬ ይልቅ ሁለቱን ጫፎች በአንድነት ለማየት በመቻላቸው ነው ማለት ይቻላል፤ የጋራ የሆነው ስሕተት ሁለቱንም አብሮ ከፍ ስለሚያደርግ ንጽጽሩን አያፈርሰውምና።

ከጫፉ ላይ የቆሙት

ዲሴምበር 18 ቀን 1966 ፒት ሾኒንግ፣ ዊልያም ሎንግ፣ ጆን ኤቫንስና ባሪ ኮርቤት የቪንሰንን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡ። አራቱ በኒኮላስ ክሊንች የሚመራው የአሥር ሰዎች ቡድን አባላት ነበሩ። የአሜሪካ የተራራ ወጪዎች ክበብና የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ጉዞውን ሲደግፉ፣ ማጓጓዣው የባሕር ኃይሉ ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ሌሎቹም የቡድኑ አባላት ወጡ፤ ጃንዋሪ 6 ቀን 1967 ኤቫንስና ኮርቤት ታይሪን ጨምረው ወጡ።

የእነዚህ ሰዎች ድል ታላቅ ቢሆንም በካርታው ላይ ያለውን ቁጥር አልለወጠም። ጫፍ ላይ መቆም ብቻውን ከፍታን አያስታውቅም፤ 5,140 ሜትር የሚለው ቁጥር ከመውጣቱ በኋላም በመጻሕፍት መታተሙን ቀጠለ። የተሻለው ልክ የተገኘው በ1979–80 በኤልስዎርዝ ተራሮች በተካሄደው ትልቅ የጂኦሎጂ ጥናት ወቅት ነው። በዚያ ወቅት በዲሴምበር 1979 ሁለት የጀርመን ጂኦሎጂስቶችና አንድ የሶቪየት ቀያሽ አብረው ወደ ጫፉ ወጡ። በሌላው ዓለም የተፋጠጡ ወገኖች ዜጎች በአሜሪካ የጥናት ጉዞ ውስጥ በአንድ ገመድ ታስረው መውጣታቸው የውሉ መንፈስ በተግባር የታየበት ነው። የዚያ ዘመን ቅየሳ ከፍታውን 4,897 ሜትር አደረገው። በ1988 በ250,000 መለኪያ የታተመው የአሜሪካ ካርታም የአካባቢውን መልክ አሻሽሎ አቀረበ።

በ2004 የአውስትራሊያዊው ዴሚየን ጊልዲ ቡድን፣ ካሚሎ ራዳና ሮድሪጎ ፊካ ከተባሉት ቺሊያውያን ጋር፣ የሳተላይት መቀበያ መሣሪያ በጫፉ ላይ ተክሎ ለካ፤ ውጤቱም 4,892 ሜትር ሆነ። በ1979–80 በተገኘውና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት አምስት ሜትር ብቻ ነው። በድሮው መሣሪያ ከሩቅ ሆኖ የተሠራ ልክ ከሳተላይቱ ጋር እንዲህ መቀራረቡ ለቀያሾቹ ሙያ ክብር ነው። ሳተላይትም ቢሆን በቀጥታ የሚሰጠው ከባሕር ጠለል ያለውን ከፍታ ሳይሆን ምድርን ከሚወክል የሒሳብ ቅርፅ ያለውን ከፍታ ነው፤ ወደ ባሕር ጠለል የሚመለሰው በምድር ስበት ላይ በተመሠረተ ሞዴል ነው። ባሕር በማይታይበት አገር «ከባሕር ጠለል በላይ» የሚለው ሐረግ ምንጊዜም ስሌት እንጂ እይታ አይደለም።

ቁጥሩ በሰዎች ሕይወት ላይ ያሳደረው ውጤትም አለ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የየአህጉሩን ከፍተኛ ተራራ የመውጣት ልማድ ሲስፋፋና የግል አውሮፕላኖች ወደዚያ መብረር ሲጀምሩ፣ በየዓመቱ ብዙ ሰዎች ወደ ቪንሰን ይጎርፉ ጀመር። በ40 ሜትር የሚያንሰው ታይሪ፣ ምንም እንኳ ለመውጣት እጅግ የሚያስቸግር ቢሆን፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ የረገጡት ተራራ ሆኖ ቀርቷል።

አንድ ስም ለሁለት ነገር

ከፍታው በተሻሻለ ጊዜ ስሙም የራሱ ችግር እንዳለበት ታየ። «ቪንሰን» ሲባል አንዳንዱ ካርታ 21 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 13 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን፣ ብዙ ጫፎች የቆሙበትን የተራራ ክምር ማለቱ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ከእነዚህ ጫፎች ከፍተኛውን ብቻ ማለቱ ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን 2006 የአሜሪካው ኮሚቴ ሁለቱን በይፋ ለየ፤ ክምሩ «ቪንሰን ማሲፍ»፣ ከፍተኛው ጫፍ «ቪንሰን ተራራ» እንዲባል ተወሰነ። በዚያው ዓመት ክሊንች፣ ኮርቤትና ሾኒንግን ጨምሮ የ1966ቱ ቡድን አባላት ስም በክምሩ ላይ ላሉ ልዩ ልዩ ጫፎች ተሰጠ። ተራራውን በእግራቸው የረገጡት ሰዎች ስም፣ በምክር ቤት ከደገፈው ሰው ስም ሥር ገባ።

ሌሎች አገሮችም በየበኩላቸው ስም ይሰጣሉ። ቡልጋሪያ በ1994 የአንታርክቲካ ስሞች ኮሚሽን አቋቁማ በሴንቲነል ሰንሰለት ላይ ብዙ ስሞችን መዝግባለች። በየአገሩ ያለውን መዝገብ የሚሰበስበው የዓለም አቀፉ የአንታርክቲክ ምርምር ሳይንሳዊ ኮሚቴ ከ1992 ጀምሮ አጠቃላይ መዝገብ ያዘጋጃል። በመዝገቡ ከ30,000 የሚበልጡ ስሞች ሲኖሩ፣ የተሰየሙት ቦታዎች ቁጥር ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። መዝገቡ ማንኛውንም ስም አያጸድቅም፤ አይሽርምም። የትኛው አገር መቼ እንዳወጣው ይጽፋል፤ አንባቢውን ከማስረጃው ፊት ያቆመዋል።

ለሙያችን የሚተርፈው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ ለካርታና ለቅየሳ ሠራተኞች ሦስት ነገሮች የሚተርፉ ይመስለናል። አንደኛው፣ ለእያንዳንዱ ከፍታ የተለካበትን ዓመትና ዘዴ መመዝገብ ነው። 5,140 ሜትር የሚለው ቁጥር ጉዳት ያደረሰው ስሕተት በመሆኑ አይደለም፤ መነሻው ሳይገለጽ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ በመገልበጡ ነው። ከጎኑ «በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በማዕዘንና በአየር ግፊት» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ የሚቀጥለው ሰው ምን ያህል ሊተማመንበት እንደሚገባ ባወቀ ነበር።

ሁለተኛው፣ ስም ሲሰጥ የሚሰየመው ነገር ወሰን አብሮ መገለጽ አለበት። «ሴንቲነል» ለሁለት ሰንሰለቶች፣ «ቪንሰን» ለክምሩና ለጫፉ በጅምላ መዋላቸው ያስከተለውን የማስተካከያ ሥራ አይተናል። ሦስተኛውና ዋነኛው፣ በስምና በልክ መካከል ያለውን የዕድሜ ልዩነት ማስታወስ ነው። የቪንሰን ከፍታ ከ1958 ወዲህ በየጊዜው ተመርምሮ ታርሟል፤ ልኩን ማረም ማንንም አያስቀይምምና። ስሙን ግን ማንም አልመረመረውም፤ አንዴ ከታተመ በኋላ ከካርታ ወደ ካርታ ሲሸጋገር ኖሯል። ስለዚህ ጥንቃቄው መቅደም ያለበት በስሙ ላይ ነው። በልክ የተፈጠረ ስሕተት የተሻለ መሣሪያ እስኪመጣ ይቆያል፤ በስም የተፈጠረ ስሕተት የሚያርመው መሣሪያ የለውም።

ስለዚህ አዲስ ስም ወደ መዝገብ በሚገባበት ጊዜ አውጪው ማን እንደሆነ፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነና ከዚያ በፊት የነበረው ስም ምን እንደሆነ አብሮ እንዲጻፍ፣ በሕይወት ያለ ሰውን በቋሚ መልክዓ ምድር ላይ ለመሰየምም የተወሰነ የዓመታት ቆይታ እንዲጠበቅ ማድረግ የማይከብድ ሥራ ነው። የዚያን ዘመን ኮሚቴ ዝምድናንና ንግድን በመመሪያ ከልክሎ ነበር፤ ሥልጣንን ግን በዝርዝሩ ውስጥ አላስገባም። በየአገሩ የስም መዝገብ የሚያዘጋጁ የሙያ ጓደኞቻችን ይህን ክፍት ቦታ በየራሳቸው መመሪያ ውስጥ ፈልገው ቢያዩት ድካማቸው በከንቱ አይቀርም።